አስራ ሁለተኛው መስመር

በየሳምንቱ ይህን ገጽ የምትገልጡ ልጆቼ፣ እስካሁን ስለ ወንድሜ ስለ ዌንደል ስነግራችሁ የሰነበትኩት ሁሉ ለዚች ቅዳሜ መንደርደሪያ ነበር። ያለፈውን ያላነበበም አይቸገር። ታሪኩ አጭር ነው፤ ረጅሙ ሕመሙ ነው።

ዌንደል ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አላገባም። አሮጌ የጓሮ ትራክተር ያድሳል፤ ያቺን ሣር የሚያጭዱባትን፣ በክረምት በረዶ የሚጠርጉባትን፣ ከሰው ወገብ ከፍ የማትል ትንሿን ትራክተር። ከየሰው ጓሮ አረም የዋጣትን ጎትቶ ያመጣል፣ የሞተ ሞተሯን ያስነሳል፣ ላሜራዋን በአሸዋ ርጭት እስከ እርቃኗ ያስፍቃል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባታል። በጎተራችን ሠላሳ አራት ተደርድረዋል። ሠላሳ ሦስቱ የእጁ ሱስ ናቸው። አንዷን፣ ቀዩዋን፣ ግን በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ወደ አውራጃው የትርኢት ሜዳ የሚያወጣት አንዲት ሴት ታያት ይሆናል ብሎ ነው። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ሮዊና ቮስበርግን «ለምን እምቢ አልሽኝ?» ብሎ ለመጠየቅ ጠበቀ። ሌላ ምንም አልፈለገም።

ሮዊና የአለቃው ልጅ ነበረች። አባቷ ሚስተር ቮስበርግ ለገበሬ ማሽን የሚሸጡበት ትልቁ ሱቅ ባለቤት፣ ዌንደል ደግሞ ከሱቁ ጀርባ በግራሶ ተለውሶ የሚውል መካኒክ። ቀዩዋ ትራክተር የአያቷ ነበረች። ሽማግሌው በየጸደዩ ዘይት ሲቀይሩ ቀኑን ከሞተሩ ክዳን ከኮፈኑ ስር፣ በውስጥ በኩል፣ በነጭ የሰም እርሳስ ይጽፋሉ፤ ከቀኑ አጠገብም አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። «ሚያዝያ 9። ዘይት ቀየርኩ። ዝናቡ እምቢ አለ።» «ሚያዝያ 14። ዘይት ቀየርኩ። ሮዊና ዛሬ ብቻዋን ነዳች፤ የጎረቤት አጥር ጎበጠ።» አስራ አንድ ዓመት፣ አስራ አንድ መስመር።

ሽማግሌው ሲሞቱ አባቷ «ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ ስጡልኝ» አሉ። ሮዊና ግን ወደ ዌንደል ሄዳ «ለአያቴ ስትል አስነሳልኝ» አለችው። ያኔ ነው በእኛ ጎተራ ውስጥ ሁለቱ ኮፈን ከፍተው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ መስመር በመስመር እያነበቡ መሳቅ የጀመሩት። ሲስቁ ሲስቁ አንድ ቀን ሳቁን አቆሙና ተያዩ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንዲያ ያለ አስተያየት ያየ ሰው ዞር ይላል እንጂ አይቆምም፤ እኔም ዞር አልኩ።

የአባቷ ልብ ያረፈው ግን በፋብሪካው ጌታ ልጅ በዱዌን ላይ ነበር፤ አተር በቆርቆሮ የሚያሽጉት ሰዎች ልጅ። ዌንደልም ይህን ሲሰማ ደብዳቤ ጻፈ።

«ሮዊና፣ ያለኝ ሁለት እጅና አንድ ሳጥን መፍቻ ነው። ከመጣሽ እስክሞት አላሳፍርሽም። የማይሆን ከሆነ አትመልሽልኝ፤ እምቢታን በአንቺ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ አልችልም። ዝም ካልሽ ይገባኛል።»

ደብዳቤውን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ከጋገርኩት የፖም ፓይ ሳህን በታች በፎጣ ጠቅልዬ። ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። መልስ ግን አልመጣም። በሚቀጥለው ጸደይ ዱዌንን አገባች፤ ወደ ትልቁ ከተማ ሄዱ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ፣ ያኔ ከምንም ያልቆጠርኳትን። ዌንደል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንዲት ቡሎን ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያነሳል። ደብዳቤውን በላከ በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ የቀዩዋን ኮፈን ፎቶ አነሳው፣ ፈታው፣ የሽማግሌውን አስራ አንድ መስመር በደብተር ገለበጠ። ከቀለሙ በኋላ እንደነበሩ መልሶ ሊጽፋቸው ነው፤ ለሷ ያሰበው ስጦታ ነበር። ኮፈኑን ከጎተራው ግድግዳ አስደግፎ ተወው። ሰኞ ማለዳ እሱ ወደ ሥራው ሲሄድ፣ ቀድመን እንደተነጋገርነው፣ እኔ በባሌ መኪና አሸዋ ርጭት ወዳለበት ከተማ ወሰድኩለት። ታቅፌ ስጭነው የአዲሱን ሰማያዊ ካፖርቴን እጅጌ ነጭ በነጭ አደረገብኝ። «ስጦታህ ካፖርቴን በላው!» እያልኩ ሳምንት ሙሉ ስነዘንዘው ነበር። ያኔ ሁለታችንንም ያስቀን ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት የትርኢቱ ሜዳ በትራክተር ተሞልቷል። አኮርዲዮኑ ይጮኻል፣ ቋሊማው ይጠበሳል፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጋር የፓይ ጠረጴዛ ይዤአለሁ። ዌንደል ከፊቴ፣ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ቀዩዋን በጨርቅ ይወለውላል። ጎረቤታችን ጉንደር መጣ። ጉንደር አንዲትም ቀለም ቀብቶ አያውቅም፤ የሱ ትራክተር ከነዝገቷ፣ ከነተቀረፈ ቀለሟ ነው የምትቆመው።

«ዌንደል! ኧረ ተዋት፤ ስትወለውላት ብረቷ ሳስቶ ሊያልቅ ነው!»

«ያንተዋን ደግሞ አያይዞ ያቆማት ዝገቱ ነው። ስታልፍ እንዳታስነጥስ፣ ትበተናለች።»

«ዝገት ታሪክ ነው ወንድሜ! የመጀመሪያ ቀለም አንዴ ነው የሚገኘው። አንተ ፍቀህ ፍቀህ ይህቺ ትራክተር ስሟንም ረስታለች።»

«ታጥባ የወጣች ሙሽራ ናት በላት።»

«ሙሽራስ ሙሽራ ናት፤ ሙሽራው ነው የጠፋው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዌንደልም ሳቀ። እኔ ግን ጨርቁ እጁ ውስጥ ቀጥ ማለቱን አየሁ።

ከቀትር በፊት ነው አንዲት የገለባ ባርኔጣ ያደረገች ሴት ዊልቸር እየገፋች ወደ ጠረጴዛዬ የመጣችው። ወንበሩ ላይ ያለው ሰው ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደ ባዶ ጓንት ተጋድሟል። ሴትዮዋ ባርኔጣዋን ቀና ስታደርግ ሳህኑ ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

«አርዲስ» አለችኝ። «ያንቺ ፓይ ዛሬም በፎጣ ይጠቀለላል?»

«ሮዊና...»

«ባለፈው ወር ነው የተመለስነው። ዱዌን ከታመመ ወዲህ ማሽን ሲያይ ደስ ይለዋል። አንዴ ጥላው ውስጥ ካንቺ ጋ ላቆየው?»

«አቆዪው እንጂ፣ እህቴ።»

ወንበሩን አጠገቤ አቆመች፣ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አስተካከለች። ዱዌን ዓይኑን ጨፈነ። እሷም ቀሚሷን በእጇ ለጥ አደረገችና ወደ ቀዩዋ ትራክተር ሄደች። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አካሄዷ ግን የሃያ ሁለት ዓመቷ ልጅ አካሄድ ነበር፤ እኔን የፈጀኝ እሱ ነው።

*

ዌንደል የኋላ ጎማው ስር አጎንብሶ ነበር። እጇን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። እሱ ቀና ሳይል፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንደሚለው፣

«እባክዎ፣ ቀለሙን በእጅ አይንኩት» አለ።

«እኔንም ነው አትንኪ የምትለኝ፣ ዌንደል?»

አርባ ሰባት ዓመት ሲዘጋጅ ኖሮ የመጀመሪያው ቃሉ ያ ሆነ። ቀስ ብሎ ተነሳ። ጨርቁን አጣጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጣጠፈው። ተያዩ። ፊቷ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ሲያነበው አየሁ፤ ከዚያም እሷ ዓይኗን ቀድማ ሰበረች።

«ክፈትልኝ» አለች። «የአያቴን ጽሑፍ ልየው።»

ከፈተላት። እንዴት ኮርቶ እንደከፈተላት ብታዩ! ከቀዩ ቀለም ላይ ነጮቹ መስመሮች በሽማግሌው የእጅ አጣጣል ተደርድረዋል።

«አንዲት ፊደል አላጎደልኩም» አላት። «እያት ‹ጎበጠ› የምትለዋን፤ እሳቸው አጣመው ነው የጻፏት፣ እኔም አጣምሜያታለሁ።»

ሮዊና ሳቀች። ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ ወደ ታች አወረደች፤ ዝናቡ ጋ ቆም አለች፣ አጥሩ ጋ ቆም አለች። አስራ አንደኛው ላይ ደረሰች። ጣቷ አላቆመም። ወደ ታች ወረደ፣ ባዶው ቀይ ቀለም ላይ ወዲያና ወዲህ አለ፣ አንድ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ። ሳቋ ከከንፈሯ ሳይወርድ እዚያው ደረቀ።

«አስራ አንድ» አለች።

«አስራ አንድ።»

«የአያቴን አንድም አላስቀረህም።»

«አንድም።»

«የኔንስ?»

«ያንቺን ምን?»

«ዌንደል፣ እኔ አርጅቻለሁ፤ ቀልድ የምሸከምበት ጉልበት የለኝም። አንብበህ መቅረትህን ይቅር ብዬሃለሁ። ወጣት ነው፣ አባቴን ፈርቶ ነው ብያለሁ። ግን ቁጭ ብለህ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ የአያቴን እያንዳንዷን ፊደል ከነጥመቷ ስትመልስ የኔዋን ብቻ መርጠህ መተው... ይሄ ምን ዓይነት ልብ ነው?»

«ሮዊና» አለ ዌንደል፤ ድምፁ የሱ አይመስልም። «የምን መስመር?»

ትክ ብላ አየችው። ይህ ሰው ዋሽቶ አያውቅም፤ አሁንም እንደማይዋሽ ሲገባት ፊቷ ክው አለ።

«እሁድ ነው የጻፍኩት። ራሴን አሞኛል ብዬ ከቤተ ክርስቲያን ቀርቼ። ፖስታ ቤቱን የያዘችው አክስቴ ነበረች፤ ስልኩን መንደሩ ሁሉ ይሰማው ነበር። እንዴት ልመልስልህ? ጎተራችሁ ገባሁ፤ ማንም የለም። ኮፈኑ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፣ ነጩ እርሳስም መስኮቱ ላይ። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ይሄን ነው ብዬ ከአያቴ መስመሮች ስር ጻፍኩ።»

«ምን ብለሽ?»

ዓይኗን ጨፈነች። ለማስታወስ አልነበረም፤ አልረሳችውም።

«መስከረም 19። ዘይት አልቀየርኩም። ሐሳቤንም አልቀየርኩም። ሐሙስ አስር ሰዓት ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ እጠብቅሃለሁ።»

አኮርዲዮኑ ይጫወታል። ጉንደር ሌላ ቀልድ ይዞ እየመጣ ነበር፤ የዌንደልን ፊት ሲያይ ቆቡን አወለቀና ተመለሰ።

«ሐሙስ አስር ሰዓት» አለ ዌንደል። መሪውን ጨብጦ ነው የቆመው። «ሐሙስ አስር ሰዓት ኮፈኑን ላመጣ ሄጄ ነበር። ሰውየው ገልብጦ አሳየኝና ‹እንዴት ነው፣ እንደ ሳህን አልጸዳልህም?› አለኝ። አመሰገንኩት። ሮዊና፣ እጁን ጨብጬ አመሰገንኩት!»

«እኔ ቆሜ ነበር። አውቶቡሱ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ የአባቴ መኪና መጣ። በሳምንቱ ሱቁ ውስጥ ሳይህ ዓይንህን መሬት ላይ ተከልክ።»

«እምቢ ያልሽኝ መስሎኝ ነዋ! አንቺስ አልተከልሽም?»

«አንተ ስለተከልክ!»

«አንቺ ስለተከልሽ!»

ሁለት አዛውንቶች እንደ ልጅ ተጨቃጨቁ፤ ሰው ቢሰማ ይስቃል።

እኔ ደግሞ ልጆቼ፣ የፓዩን ቢላዋ እንደያዝኩ ቀረሁ። የሽማግሌው ጽሑፍ የስንት ዓመት ነው፤ ደርቆ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ልብስ ላይ የሚነሳው የትናንት ጽሑፍ ብቻ ነው። ያ እጅጌዬ ላይ የነበረው ነጭ... ያን ጠዋት ኮፈኑን ገልብጬ አንድ ጊዜ ባየው! «ይሄ ደግሞ ለምን ይለቅቃል?» ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቀው! ያኔ ንባብ ላይ ብዙም አልነበርኩም፤ የዘይት ቀን ለኔ ምኔ ነው ብዬ ደረቴ ላይ ለጥፌ ወሰድኩት። ጥያቄውን በእጄ አደረስኩ፤ መልሱን በክንዴ ጠረግሁ።

ዌንደልም ያን ጊዜ ኮፈኑን ማን እንደወሰደው ያውቃል። ሲገባው አየሁት፤ ትከሻው ዝቅ አለ። ግን ዞር ብሎ አላየኝም። አምስት እርምጃ ላይ ቆሜ፣ እንዳላፍር ብሎ፣ ወንድሜ አንገቱን ወደ እኔ አላዞረም። ቢያየኝ ይሻለኝ ነበር።

*

ዌንደል ከሽርጡ ኪስ ነጭ የሰም እርሳስ አወጣ።

«እንደገና ጻፊው» አላት። «ቦታው አለ። ቀለሙም ይይዛል። አስራ ሁለተኛ አድርገሽ ጻፊው።»

ተቀበለችው። ወደ ኮፈኑ ጎንበስ አለች። የእርሳሱ ጫፍ ቀለሙን ሊነካ የፀጉር ያህል ቀረው። እኔ በልቤ «ጻፊ፣ ጻፊ» እላለሁ፤ እንዲህ ማለቴም ኃጢአት ከሆነ ይጻፍብኝ። ከዚያ ዞር ብላ ወደ ጥላው አየች። ዱዌን ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። ተኝቶ ይሁን ሰምቶ፣ እስከዛሬ አላወቅሁም። ደህናው እጁ ብቻ የብርድ ልብሱን ጫፍ አጥብቆ ይዟል።

ሮዊና ቀና አለች።

«ያንን የጻፈችው ልጅ ሻንጣ ነበራት፣ ዌንደል። እኔ ያለኝ ያ ወንበር ነው።»

«ይገባኛል።»

«ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። አርባ ስድስት ዓመት አንድ ቀን ድምፁን አላነሳብኝም፤ እኔ ግን በየመስከረሙ አንድ ሐሙስ ከሱ ጋር ቁጭ ብዬ ሌላ ቦታ እቆም ነበር። እሱንም ነው የበደልነው።»

እርሳሱን የዌንደል መዳፍ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። እጁን ቶሎ አልለቀቀችውም።

«ለምን እምቢ አልሽኝ ብለህ ልትጠይቀኝ ነበር አይደል?»

«ነበር።»

«አላልኩህም» አለች። «ይኸው። እሱን ያዝ።»

ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ዓይኗ ደርቋል፤ እንባው ወደ ውስጥ ነው የፈሰሰው። «አመሰግናለሁ አርዲስ፣ ስላቆየሽልኝ» አለችኝ። ወንበሩን ገፍታ በትራክተሮቹ መካከል ሄደች። ዌንደል ባርኔጣዋ ከሰው መሐል እስኪጠፋ አየ፤ ከጠፋ በኋላም አየ። ከዚያ ኮፈኑን ቀስ ብሎ፣ የተኛ ሰው እንዳይቀሰቅስ ይመስል፣ ዘጋው።

*

ወደ ቤት ስንመለስ ቀዩዋ ከመኪናው ኋላ ታስራለች፣ እኔ አጠገቡ ነኝ። የበቆሎው ማሳ በሁለታችን ጎን ያልፋል። ግማሽ መንገድ ደረስን። አልቻልኩም።

«ዌንደል፣ ያ ካፖርት...»

«አርዲስ» አለኝ ፈጠን ብሎ፤ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። «ፓይ ተርፏል?»

«ሁለት ቁራጭ።»

«እስቲ አንዱን አቀብይኝ።»

ሰጠሁት። በአንድ እጁ እየነዳ በላ። ጠዋት ከኔ ጋር ቁርስ በልቷል፣ ሜዳው ላይ ቋሊማ በልቷል፤ አልራበውም። የበላው እኔ እንዳልናገር ነው።

ቤት ስገባ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ያን ሰማያዊ ካፖርት አልጣልኩትም፤ ዶሮ ቤት ስገባ የምደርበው እሱን ነው። ከምስማሩ አውርጄ ወደ ደጅ አወጣሁት። የቀኝ እጅጌውን ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት፣ ገለበጥኩት፣ መነጽሬን አድርጌ ስፌቱን አንድ በአንድ አየሁ። ልጆቼ፣ አንድ ፊደል አላልኩም፤ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ነው የፈለግሁት፣ ወስጄ ለዌንደል የምሰጠው።

ምንም የለም። ንጹሕ ነው። ሳምንት ሙሉ ወንድሜን እየነዘነዝኩ በሳሙና ፈትጌዋለሁ፤ ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ እጄም ጠንካራ ነበር።